በወጉ ያልተነገረ መርዶ

ቤርገን፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለጸዳለ ይሻው፣ ደብረ ታቦር

ከሁሉ አስቀድሜ ከነቤተሰብሽ እንደምን ከርመሻል እያልሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብረ ታቦር ኢየሱስ በያላችሁበት ይጠብቃችሁ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። አውቶቡሴን እነዳለሁ። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛው ክረምት ነው፤ ክፋቱ መስከረም አይጠባለትም።

ደብዳቤ የጻፍሁልሽ ስልክ አላነሳ ስላልሽ ነው። እዚህ ቤርገን የምትኖረው ወዳጄ አዲስዓለም አገር ቤት ደርሳ ስትመለስ መጽሐፍሽን ይዛልኝ መጣች። «የዘመድህ መጽሐፍ ነው፣ ደብረ ታቦር ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያነብ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር የከፈትሁት። ስዘጋው ግን ስልኩን አንሥቼ ደጋግሜ ደወልሁልሽ።

ጸዳለ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ወደፊት በሚመጣ ዘመን አንዲት ከተማ አለች፤ ልቅሶ በአዋጅ ተከልክሎባታል። የሞተ ሰው ሞተ አይባልም፤ «መንገድ ላይ ነው» ይባላል። ድንኳን የተከለ ይታሰራል። አንዲት እናት የሞተ ልጇን «መንገድ ላይ ነው» እያሏት ስትጠብቅ ትኖራለች፤ በመጨረሻ አደባባይ ወጥታ ብቻዋን ሙሾ ታወርዳለች፤ ይወስዷታል፤ ጎረቤቱ መስኮቱን ይዘጋል። አለቀ! ይህን ነው እንግዲህ መከራ ለጠገበ ሕዝብ የምታቀርቢለት? የራበው ሰው ስለ ረኃብ ይነበብለታል ወይ? አስተማሪ ነሽ። ልጆቹን ቀና የሚያደርግ፣ ተስፋ የሚሰጥ ነገር መጻፍ ይገባሽ ነበር።

ሌላም አለ። «መንገድ ላይ ነው» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣሽው አንቺም እኔም እናውቃለን። ወንድሜ መልካሙ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ ሲመጣ ታሞ ሞቶ ገዳሪፍ ሲቀበር ለናንተ የነገርሁ እኔ ነኝ። እኔ መጥቼ በአፌ እስክነግራት ድረስ እናቴ እንዳትሰማ፣ ስትጠይቅም «መንገድ ላይ ነው» እንድትሉ ያማልኋችሁም እኔ ነኝ። የእናቴን የደም ግፊት ታውቂዋለሽ። የቤታችንን ምስጢር ገበያ ላይ አወጣሽው።

እባክሽ፣ ያ መጽሐፍ እናቴ ያለችበት ይፋግ እንዳይደርስ። ጆሮዋ እንዳይገባ። ይህን ብቻ አድርጊልኝ።

ያክስትሽ ልጅ ማሩ አያሌው

*

ደብረ ታቦር
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለማሩ አያሌው፣ ቤርገን

እንደምን ሰነበትህ? እግዚአብሔር ይመስገን እኛ አለን። እህሉ ዘንድሮ ደህና ነው፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ጤፉ ቀርቷል። ደብዳቤህ መንገድ ተዘግቶ ባሕር ዳር ሰው እጅ ቆይቶ ገና ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ።

ስልክ የማላነሳው ስልክ ላይ ስለምትጮህ ነው። ወረቀትም ይጮሃል ለካ፤ ግን አጥፌ ኪሴ ልከተው እችላለሁ።

አዎ፣ ቃሉ ያንተ ነው። አልክድህም። «መንገድ ላይ ነው በሏት» ያልኸኝ ቀን ስልኩን ዘግቼ ይፋግ ሄድሁና እናትህን እቴቴ ጌጤን ዓይናቸውን እያየሁ አልኋቸው። እርሳቸውም «እንግዲያ ስንቅ ይዞ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። «ይዟል» አልሁ። ከዚያ ወዲህ ያቺ «ይዟል» ያልኋት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ናት። የጻፍሁት እሷን ለመትፋት ነው። አልተተፋችም።

አሁን ደግሞ ሰው ጨለማ ለምን ያነባል ብለህ ለጠየቅኸኝ ልመልስልህ። እኔም አላውቅም ነበር። ከመናኸሪያው በላይ ያለውን የሙላቴን መጽሐፍ ቤት ታስታውሳለህ። አንድ ቀን ጠየቅሁት። መደርደሪያውን እያሳየኝ «እነዚህ ሁሉ እንዴት ደስተኛ እንደምትሆኝ የሚያስተምሩ ናቸው። አቧራ ለብሰዋል። ያንቺን ግን ወስደው፣ አልቅሰው ይመለሱና ሌላ እንደዚህ ያለ የለም ወይ ይሉኛል» አለኝ።

ቃለአብ የሚባል የባጃጅ ነጂ ደግሞ አለ። ጸሐፊዋ እኔ መሆኔን ሳያውቅ አሳፍሮኝ መጽሐፉን መሪው ሥር አየሁበት።

«እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ አይከብድህም?» አልሁት።

«እህቴ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ደህና ነው እያልሁ ነው የምነዳ» አለኝ። «ተሳፋሪው ደህና ነው ይላል፣ እኔም ደህና ነው እላለሁ። ማታ ደህና ነው የሚል መጽሐፍ ቢሰጡኝ እወረውረዋለሁ። ይኸኛው ደህና አይደለም ይለኛል። አንድ እንኳ የሚያምነኝ ሰው አገኘሁ ብዬ እተኛለሁ።»

ተስፋ ስጪ ትለኛለህ። ተስፋ ከመስጠቴ በፊት ሰው እያየሁት መሆኑን ማወቅ አለበት። አንተ መብራት በማይጠፋበት አገር ተቀምጠህ ለጨለማው እኔን አትክሰሰኝ።

አዲስዓለምም መጥታ ተመለሰች። መንገድ አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ እሷ ያላት የመኖሪያ ወረቀት አንተም አለህ። «እኔ መጥቼ እስክነግራት» ካልህ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔ ምስጢር ገበያ አወጣሁ። አንተ ደግሞ እናትህን በር ላይ አስቀምጠህ ረሳሃቸው።

እመብርሃን ትከተልህ።

የአጎትህ ልጅ ጸዳለ

*

ቤርገን
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጸዳለ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ።

ለገና እናቴ ጋ ደወልሁ። «ምን ትሠሪያለሽ?» አልኋት። «ጸዳለ የጻፈችውን ባለ ሱቋ የሺ እያነበበችልን እንፈትላለን» አለችኝ! «ምን ዓይነት ታሪክ ነው?» አልሁ፣ እንደማያውቅ። መልሳ «ዝናቡ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ይፋግ እንዳይደርስ ብዬሽ ነበር። አንቺ አልወሰድሽውም ይሆናል፤ ግን ጽፈሽዋል። እሳት የለኮሰ ሰው ነፋሱ ነው ያደረሰው ሊል አይችልም። ስለማልመጣበት ምክንያት ደግሞ አንቺ ዳኛ አይደለሽም። አልነግርሽም።

አሁን የምልሽን ታደርጊያለሽ። ይፋግ ሂጂ። መጽሐፉን ከየሺ ተቀበይ። ታሪኩ በደንብ አላለቀም ነበር፣ እውነተኛ መጨረሻው ይኸ ነው በያቸውና ይህን የጻፍሁትን አንብቢላቸው፦

«እናቲቱ አደባባይ ወጥታ ልታለቅስ አፏን ስትከፍት የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። አውቶቡሱ ቆመ። ልጅዋ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወረደ። ከስቷል፣ ግን ደህና ነው። መንገድ ላይ የቆየው ደለል መንገዱን ዘግቶበት ነበር። እናቲቱ አቀፈችው። ሰው ሁሉ መስኮቱን ከፈተ። አዋጁም በዚያው ቀን ተሻረ። እልልታው እስከ ጣና ተሰማ።»

እኔ ደራሲ አይደለሁም። ግን ከዚህ ውስጥ ማንንም የሚገድል ነገር የለም። ይህን ካላነበብሽላት ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ የሚባል የለሽም። ሞቴንም አትስሚ፣ ሞትሽንም አልሰማም።

ማሩ

*

ደብረ ታቦር
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማሩ አያሌው

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰህ። ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን በለኝ።

ያልኸኝን አድርጌአለሁ። ወረታ ድረስ በሚኒባስ ወርጄ፣ መንገዱ እስኪከፈት እዚያው አድሬ ይፋግ ገባሁ። የሺን ታውቃታለህ፤ ባሏ የሞተባት፣ ገበያው ዳር ልብስ የምትሸጠው። ገበያ ሲበተን የሠፈሩ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው ሱቋ ይገባሉ። እነሱ ይፈትላሉ፣ እሷ ታነባለች። እቴቴ ጌጤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት።

የሺን ለብቻዋ ይዤ «ከመጽሐፍ ሁሉ ይኸን ለምን መረጥሽ?» አልኋት።

«እኔ መች መረጥሁ!» አለችኝ። «መጀመሪያ ስለ ትዳር የተጻፈ ደስ የሚል ነገር ነበር የማነብላቸው። አንዷ፣ ትዝታ የምትባለው፣ ታንጎላጃለች፣ ሌላዋ ወሬ ትጀምራለች። ያንቺን ስጀምር እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። ሲያልቅ እትዬ ጌጤ ድገሚው አሉኝ። ደገምሁት። አሁንም እንደገና ጀምረነዋል።»

«አላዘኑም?»

«አዘኑ እንጂ። ግን ሲመጡ እንደ ድንጋይ ከብደው ነው፣ ሲሄዱ ቀለል ብለው ነው። ምክንያቱን እኔ ምኑን አውቄ።»

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። «እውነተኛው መጨረሻ ሌላ ነው» ብዬ ያንተን አወጣሁ። አሳምሬ ነው ያነበብሁት፤ አላበላሸሁብህም። እልልታው እስከ ጣና ተሰማ ስል ትዝታ «እሰይ» አለች፣ በሹክሹክታ።

እቴቴ እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «ይችን አንቺ ነሽ የጻፍሻት?»

«አይደለሁም። ማሩ ነው።»

«አዬ ልጄን» አሉ። «ታምራለች። ግን ሴትዮዋ አላመነችም።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«እናቲቱ። ልጇ ከአውቶቡስ ወርዶ አቀፈችው አላልሽም? ደግመሽ እይው፤ አንዴም በስሙ አልጠራችውም። የናፈቀውን ልጁን ስሙን ሳይጠራ የሚያቅፍ አለ?»

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። እውነትም ማሩ፣ ስም አልጻፍህበትም።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ የእህል ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «መልካሙ የሞተው መቼ ነው?» አሉ።

ሁሉም አቀረቀረ። የሺ መጽሐፉን ዘጋችው። ይፋግ ሙሉ ያውቅ ነበር፤ ገዳሪፍ አብሮት የነበረው ብርሃኑ ከተመለሰ ወዲህ የማያውቅ ቤት የለም። እቴቴ አንድ በአንድ አዩአቸው።

«ትዝታ፣ አንቺም?»

ትዝታ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔ እኮ አበድሁ ብዬ ነበር» አሉ። «ደጃፍ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል። ሰው ሲያየኝ ይስቅልኛል። ስለ መልካሙ ሳነሳ ሁሉም ስለ ዝናብ ያወራል። ሌሊት ሌሊት፣ ጌጤ ምን ሆነሻል፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት አንቺ ብቻ ምን ታይቶሽ ነው እላለሁ። ይኸ መጽሐፍ ሲመጣ ሴትዮዋም እንደኔ ሆናለች። ያኔ ነው ጤነኛ መሆኔን ያወቅሁ። የሚያስፈራ ታሪክ ነው ይላሉ። እኔን የሚያስፈራኝ የናንተ ሳቅ ነው።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ተነሳሁ። በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ተይ! እንዲህ ሱቅ ውስጥ፣ እንዝርት ተይዞ መርዶ አይነገርም። ልጄ ወግ አለው። እኔ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። ነገ ሲነጋጋ ሽማግሌ ይዛችሁ፣ ቄስ አስረስን ይዛችሁ ኑና ንገሩኝ። እኔም ምንም አልሰማሁም።»

ተነሥተው ሄዱ። እንዝርታቸውን እንኳ አልረሱም።

በነጋታው ገና ሲነጋጋ ሄድን። ቄስ አስረስ አንኳኩ። እቴቴ ከውስጥ «ማነው በጠዋት?» አሉ፣ እንደማንኛውም ቀን። ከፈቱልን። መልካሙን ከነሙሉ ስሙ፣ ከነክርስትና ስሙ ጠርተው ቄስ አስረስ ነገሯቸው። ማሩ፣ የጮኹትን ጩኸት ልነግርህ አልችልም። በዋዜማው አብሬያቸው የነበርሁት እኔ እንኳ ገና አሁን የሰሙ መሰለኝ። ምናልባትም ገና አሁን ነው የሰሙት።

ድንኳን ተተከለ። ኮቱንና ፎቶውን አወጣን። ሰው ከወንዛዬ ድረስ መጣ። በነዚህ ዓመታት ተደብቆ የቀረበት ሬሳ ያለው ሁሉ በመልካሙ አሳቦ የራሱን አለቀሰ። እቴቴ ሙሾ ሲያወርዱ ትልልቅ ወንዶች ወድቀው ሲነሡ አየሁ።

አንተን አልጠበቅንም። ስንጠብቅህ ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር። መሐላህን አፍርሻለሁ፤ አልጸጸትም።

እግዚአብሔር ያጽናህ። ነፍስ ይማር።

ጸዳለ

*

ቤርገን
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጸዳለ ይሻው

እንኳን ደስ አለሽ።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት አንድ ሰው ደውሎ እናቴ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መተኛቷን ነገረኝ። ቀጥሎ ያንቺ ወረቀት መጣ። «አልጸጸትም» የሚለውን ሳነብ አውቶቡስ መነሻው ላይ ቆሞ ሰው እየጠበቀኝ ነበር።

የፈራሁት ይኸንን ነበር። ሌላ አልነበረም። አንቺ ግን መጽሐፍሽ ተነበበ፣ እንዝርት ቆመ፣ ባለ ባጃጁ አደነቀሽ፤ ምን ቀረሽ? የሰው እናት ወድቃ ለሚቀጥለው መጽሐፍሽ ምዕራፍ ሆነችልሽ። ጨለማ የሚጽፍ ሰው ጨለማ ሲያልቅበት ይፈጥራል። እናቴ አንድ ነገር ብትሆን ገዳይዋ አንቺ ነሽ፤ ይህን በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ።

ለልቅሶው አልጠራሽኝም። ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ነበር ጸዳለ!

ማሩ አያሌው

*

ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ማሩ አያሌው

እንደምን ሰንብተዋል? ነፍሰ ገዳይ ለከሳሿ አንተ ማለት ስለማይገባት ከእንግዲህ አንቱ እልዎታለሁ።

እናትዎ ድነዋል። ከልቅሶው በኋላ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሆስፒታል እኔው ነኝ ያስገባኋቸው፤ ከአጠገባቸውም አልተለየሁም። ዛሬ እኔ ቤት ናቸው፤ ለትንሣኤ ወደ ይፋግ እመልሳቸዋለሁ። ሐኪሙ ግፊቱ የቆየ መሆኑን ነግሮኛል። እርስዎም ያውቁታል። በዝምታ ሊያድኑት የፈለጉት ግፊት በዝምታ ውስጥ እየጨመረ ነው የኖረው።

ስለ ባሕርያቸው ላውራዎት። ሆስፒታል ሳሉ አጠገባቸው የተኛችውን የእብናት ሴት «ማን ሞተብሽ?» ብለው ጠየቋት። ደነገጥሁ። ሴትዮዋ ግን ቀና አለችና እስከ ምሳ ስታወራቸው ቆየች። እሷም ጠየቀቻቸው። እቴቴ መልካሙን ከልደቱ ጀምረው ነገሯት፤ በልጅነቱ በቅሎ እንደጣለችው፣ እርስዎን ተሸክሞ ወንዝ ሊያሻግር ሲል ሁለታችሁም እንደወደቃችሁ። ሳቁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለሱ ሲያወሩ ስቀው አያውቁም ነበር፤ «መንገድ ላይ ያለ» ሰው አይታወስማ፣ ይጠበቃል እንጂ።

ሰው ለምን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይወዳል ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። እኔ መልሴን ከዚያች አልጋ አጠገብ አግኝቻለሁ። ለእርስዎ ማብራራት ግን ደከመኝ።

እርስዎ ሲደውሉ እናትዎ ስልክ የማያነሡበትን ምክንያት ጠየቅኋቸው። «ድምፁን አልፈልግም፤ ፊቱን ነው የምፈልግ» አሉ። ያሉትን ነው የጻፍሁ፣ አልጨመርሁም።

በአክብሮት
ጸዳለ ይሻው

*

ቤርገን
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጸዳለ

ክርስቶስ ተንሥአ። እናቴን ስላስታመምሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ገዳይ ያልሁሽን አንሥቻለሁ። ሌላውን አላነሣሁም፤ ቂሜ እንዳለ ነው፣ እንዳትሳሳቺ።

አዲስዓለም ሰማችና እዚህ ያለውን ያገራችንን ሰው ሰብስባ ቤቴ መጣች። ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም መልካሙን እንዲያውቁት እንድናገር ጠበቁኝ። አንድ ቃል አልወጣልኝም። ሁለት ዓመት እዚህ ሰው «ወንድምህ እንዴት ነው?» ሲለኝ «መንገድ ላይ ነው» ስል ነው የኖርሁት። እናንተን ብቻ አልነበረም ያማልሁት። እኔ ያን በር አልፌ ገብቼ እናቴን አይቻት እስካልነገርኋት ድረስ አልሞተም ነበር። ስመጣ ይሞታል። የማልመጣበትን ጠይቀሽኝ ነበር። እንግዲህ ይኸው።

አንቺ ግን ሳልመጣ ገደልሽው። ለዚህ ነው ይቅር የማልልሽ።

መጽሐፍሽን እንደገና እያነበብሁት ነው። አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ሲቆም፣ ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ አወጣዋለሁ። እዚያ የጻፍሽው አንድ ቦታ አለ፤ የአዋጁ ሹም ቤቱ ገብቶ በሩን ቆልፎ የራሱን ወንድም ጫማ ሲወለውል። ያንን ሰውዬ እኔን አስመስለሽ እንደጻፍሽው አውቃለሁ። ጠላሁት። ግን የሚቀጥለውን ገጽ ትቼው መሄድ አልቻልሁም። አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ መስኮቱን አንኳኩታ ደህና ነህ ወይ አለችኝ። ደህና ነኝ አላልኋትም። ያልኋትን አልነግርሽም።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላስቸግርሽም። እናቴ ያወረደችውን ሙሾ ጽፈሽ ላኪልኝ። ትዝ የሚልሽን ያህል። ደውዬ እንዳልጠይቃት ስልኬን አታነሳም።

ማሩ

*

ደብረ ታቦር
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለማሩ

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን ማለት ትቻለሁ፤ እቴቴ እንኳ ደህና ናቸው። ሰሞኑን ዝናቡ ገብቷል፤ ሰው ለዘር ደፋ ቀና እያለ ነው።

ሙሾውን አልጽፍልህም።

ከአፌ አልጠፋም፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ተቀምጬም ነበር። ነገር ግን ያንተን ልመና ይዤ ይፋግ ሄድሁና «ለማሩ ልላክለት ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጓሯቸው ጎመን እየተከሉ ነበር። ቀና ሳይሉ «ተይው» አሉኝ። «ብቻውን አውቶቡስ ውስጥ ሊያነበው? ብቻ ማልቀስ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ልጄ ላይ አላደርገውም።»

ሹሙ አንተ ነህ። ወለል አድርጌ ነው የጻፍሁህ። ጠልቼህ ነበር የጀመርሁት፤ ጫማ ሲወለውል የሚለው ጋ ስደርስ ግን እኔም ብዕሬን አስቀምጬ ቆይቻለሁ። ይህን የምነግርህ ልታረቅህ አይደለም። ሳልመጣ ገደልሽው ያልኸኝን ቃል እስክትመልሳት ድረስ አንታረቅም፤ የምትመልሳት ደግሞ እዚህ ቆመህ፣ በእናትህ ፊት ነው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እቴቴ የእድሩን ዳኛ መንገድ ላይ አቆሟቸው። ድንኳኑ ለሐምሌ ማንም እንዳይወስደው ጠየቋቸው። ዳኛው ግራ ገባቸው።

«ጌጤ፣ የመልካሙ ልቅሶ እኮ ወጣ። ለአንድ ሬሳ ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም።»

«የመልካሙማ ወጣ» አሉ እቴቴ። «ይኸኛው ለማሩ ነው። እሱ ገና አላለቀሰም።»

ዳኛው እኔን አዩኝ። ከዚያ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው «እንግዲያስ ይሁን» አሉ።

ሐምሌ ውስጥ ወንዙ ሳይሞላ ብትደርስ መልካም ነው። ወረታ መናኸሪያ የሚቀበልህ እኔ ነኝ፤ እቴቴ አዝዘውኛል። በመንገድ ላያወራኝ ይችላል ብያቸዋለሁ። «ዝም ብላችሁ ኑ» አሉኝ።

ጸዳለ